ሁለት እጀታ ያለው መፍለጫ

ወንድ ልጅን መርዳት ቀላል ይመስላችኋል? የወደቀ በሬ ማንሳት ይቀላል። በሬው ቢያንስ ለምን ነካሽኝ ብሎ አያኮርፍም። በተለይ በጉልበቱ የኖረ ሰው ጉልበቱ የከዳው ዕለት፣ ውኃ ላቀብልህ ቢሉት እንኳ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። እኛ ሴቶች ስንታመም ጎረቤት ካልመጣ እናኮርፋለን፤ እነሱ ጎረቤት ሲመጣ ያኮርፋሉ። ፈጣሪ ሁላችንንም በየኩርፊያችን ፈጠረን እንበል።

ይህን ያስባለኝ የጋሽ ደምሴ ነገር ነው። እዚሁ ልደታ፣ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወረድ ብሎ፣ ሰርግ የደገሰም ሐዘን የተቀመጠም ፍልጥ የሚገዛው ከእሳቸው ነው። ግቢያቸው የባሕር ዛፍ ግንድ ክምር ነው። በእኔና በእሳቸው መካከል ያለው የቆርቆሮ አጥር ምስማሩ የወለቀበት ቀዳዳ አለው። እኔ አልበሳሁትም። ግን ካለ ምን ይደረግ፣ ዓይን እንደሆነ ክፍት ነው።

አምና ጋሽ ደምሴን ስትሮክ መታቸው። አፋቸው ተመለሰ፣ እግራቸው ተመለሰ፣ ግራ እጃቸው ግን ገመድ ላይ እንደተረሳ ልብስ ተንጠልጥሎ ቀረ። መጥረቢያ ደግሞ በአንድ እጅ አይሆንም። ሚስታቸው ዘነቡ፣ የልብ ወዳጄ ናት፣ የኮታቸውን ቁልፍ ልትቆልፍ ስትጠጋ «ተይ፣ ሕፃን አይደለሁም» ይሏታል። እሳቸው ቁልፉን ሲታገሉ እሷ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ደንበኛው ወደ አብነት ሰፈር መሄድ ጀመረ። እኔን ያስፈራኝ ግን ደንበኛው አልነበረም፤ ሰውየው ግንዱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚውሉበት ዝምታ ነው። ሥራ የለመደ ሰው ዝም ካለ ለመሄድ እየተሰናዳ ነው።

አማቻቸው ቫይብሬተር፣ ሚክሰር፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ትናንሽ የግንባታ ማሽኖችን የሚያከራይ ጨዋ ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ በአይሱዙ የእንጨት መፍለጫ ጭኖ መጣ። ሞተር አለው፣ ረጅም የብረት አልጋ አለው፣ ጫፉ ላይ እንደ መጥረቢያ አፍ የሾለ ሽብልቅ አለው። ግንዱን አልጋው ላይ ታጋድሙታላችሁ፤ በዘይት ግፊት የሚሄደው ብረት ቀስ እያለ ወደ ሽብልቁ ይነዳዋል፤ ቋ! ለሁለት። ላብ የለ፣ እህ ማለት የለ።

«አንድ አመል ግን አለው» አለ ልጁ። «እጀታው ሁለት ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ካልተያዙ አይገፋም። እጅ ከሽብልቁ እንዲርቅ ብለው ነው እንዲህ የሠሩት።»

ሁሉም የጋሽ ደምሴን ግራ እጅ አየ። ሁለት እጅ! ልጁም ያኔ ገባውና አንገቱን ደፋ።

እኛ ሰፈር ግን መላ ይጠፋል? ወንዶቹ ተሰበሰቡና አንዱን እጀታ ተጭነው በካላማዳሪ ጎማ ጥፍር አድርገው አሰሩት። አማችየው ኧረ ተዉ ቢል ማን ሰምቶት። ጋሽ ደምሴም በቀኝ እጃቸው ብቻ መፍለጥ ጀመሩ፤ ከታመሙ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ወዲያው አንዱ ግንድ ዞር ሲልባቸው ጎንበስ ቢሉ፣ የዚያ የማይሰማው እጃቸው የኮት እጅጌ ከግንዱና ከሽብልቁ መሃል ገባ። እሳቸው አልታወቃቸውም። ዘነቡ ጮኸች። ቀኙን እጀታ ሲለቁት ብረቱ ቆመ። እጅጌው እስከ ክርናቸው ተተርትሯል፤ እጁ ግን ተርፏል።

ዘነቡ አልተቆጣችም። ጓዳ ገብታ ቢላ ይዛ ወጣች፣ ካላማዳሪውን ቆርጣ ጣለች፣ ሄዳም ግራው እጀታ ጋ ቆመች።

«ግቢ ወደ ቤት» አሏት ጋሽ ደምሴ።

«ያንተ ግራ እጅ ሥራ አልፈልግም ካለ የእኔ አለ። ያዝ።»

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ደምሴ ግንዱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ያዙ። እሷም ያዘች።

ከዚያ ወዲህ ያ ግቢ ጭቅጭቅ በጭቅጭቅ ሆነ። እሳቸው ቶሎ ለቀቅሽ ይላሉ፣ እሷ አንተ ነህ የዘገየኸው ትላለች። ክፍት ኮት ማሽኑ ይስበዋል ብላ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ቁልፋቸውን ትቆልፋለች፤ እሳቸውም አገጫቸውን ቀና አድርገው ይቆማሉ። ለማሽን ሲሆን አያሳፍርማ። ደንበኛውም ተመለሰ፤ ግማሹ እንጨት ሊገዛ፣ ግማሹ እነሱን ሊያይ።

በቀደም ለልደታ በዓል ዘነቡ ቤተ ክርስቲያን ስማ እስክትመጣ፣ ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን ወጥተው ግራ ቀኝ ተገላመጡ። ሞተሩን አስነሱ። ያን ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና እጀታውን ጨበጡት። ሁለቱንም ያዙ። ቋ! እኔ ከአጥሩ ቀዳዳ ወዲህ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። እሳቸው ፍልጡን አንስተው ከክምሩ ሥር ሸሸጉት፣ እጃቸውን እንደ ቀድሞው አንጠለጠሉ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሚስታቸው ከበር ብቅ ስትል «ኧረ የት ነው የቆየሽው፣ ሥራው እኮ ቆመ» አሏት።

እኔ መቼም ነገር ሆዴ አያድርም። ከሰዓት ሄጄ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ ሽንኩርቷን እየላጠች። «ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ዝም ትያለሽ?»

«አንቺ ደግሞ። ወልጄ ከብጄ እስካረጅ ከጓዳ ሆኜ የመጥረቢያውን ድምፅ ስሰማ ነው የኖርኩት። አጠገቡ የቆምኩት ገና አሁን ነው። ዳንክ ካልኩት ወደ ጓዳዬ ይመልሰኛል።»

እንግዲህ እሳቸው ከእሷ ይደብቃሉ፣ እሷ ከእሳቸው ትደብቃለች፣ እኔ የሁለቱንም ተሸክሜ እዞራለሁ። ለሰፈሩ ሰው ትንፍሽ አላልኩም። እናንተ ግን የእኛ ሰፈር ሰዎች አይደላችሁም።