የግርማ ጆሮና ርካሹ ማጫወቻ

ስለ ድምፅ ጥራት የማያውቅ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ የለም። ስለ ኑሮ ውድነት ስትጠይቁት «እኔ ምን አውቄ» የሚላችሁ ሞልቷል፤ ስለ ኳስ እንኳ ተሸንፎ ዝም የሚል አንዳንድ ጨዋ አይጠፋም። ድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲቆም ግን ሁሉም ሊቅ ነው። ባለ ባጃጁ ወንበራችሁ ሥር በደበቀው ቤዝ ከከዚራ እስከ መጋላ ጉልበታችሁን ሲያንቀጠቅጥ ይቆይና ዞር ብሎ «ክሊር ነው አይደል?» ይላችኋል። ክሊር የምትለዋ ቃል እኛ ከተማ ትርጉሟ ሰፊ ነው። ጥርስ ካነቃነቀ ክሊር ነው። ጎረቤት ካስመረረ ደግሞ ኦሪጅናል ነው።

እኔም ከሊቆቹ አንዷ ነበርኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የልጆች ጫጫታ ውስጥ ስለምውል ጥሩ ድምፅ ማለት ለስላሳ ድምፅ ነው የሚል አቋም ነበረኝ። ለዚህ አቋሜ ሠርግ ቤት ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሳይቀር ተከራክሬያለሁ። አሁን አቋም የለኝም። እንዴት እንደጠፋብኝ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የጀመረው የቤታችን ዲቪዲ ማጫወቻ የሞተ ጊዜ ነው። መብራት ሄዶ ቆየና ሲመለስ ተቆጥቶ ተመለሰ፤ ማጫወቻው አንዲት ቀጭን ጭስ አወጣና ዐረፈ። «ለመሆኑ በዚህ ዘመን በዲስክ ሙዚቃ የሚሰማ ማን አለ?» ትሉ ይሆናል። እኔ አለሁ። ስልክ ላይ ያለ ዘፈን መሐሉ ላይ ሰው ይደውልበታል፤ ሳይደወልም ቀጣዩን፣ ከዚያም ቀጣዩን እያላችሁ አንዱንም ሳትጨርሱ ይመሽባችኋል። ዲስክን ግን ከሽፋኑ አውጥታችሁ፣ በቀሚሳችሁ ጫፍ ወልወል አድርጋችሁ፣ ጭረት ይኑረው አይኑረው ወደ ብርሃን አዙራችሁ አይታችሁ ነው የምታስገቡት። ይህን ሁሉ ከደከማችሁ በኋላ ተቀምጣችሁ ትሰማላችሁ እንጂ ሌላ ምን ታደርጋላችሁ።

ስለዚህ ታናሽ ወንድሜን ዳዊትን ይዤ ወደ ታይዋን ገበያ ሄድኩ። ዳዊት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቆጣጣሪ ነው፤ ትርፍ ጊዜውን ግን የሚኖረው በድምፅ ዓለም ነው። ደንበኛችን አብዲ መልካ ጀብዱ ተወልዶ ታይዋን ያደገ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ ጀምሮ በሶማልኛ አሳልፎ በአማርኛ የሚጨርስ ነጋዴ ነው። እኔና ዳዊት ርካሾቹ ማጫወቻዎች ፊት ቆመን ስንጨቃጨቅ ታዘበንና ተሰላቸ።

«ቲቸር፣ አቦ ምን ያጨቃጭቃችኋል! ሦስቱንም ውሰዷቸው። ቤታችሁ ሰምታችሁ ያልጣማችሁን መልሱ። ሀዬ?»

ሀዬ አልነው። እሺ ማለት ነው። ሦስቱንም ባጃጅ ላይ ጭነን ወደ ቤት ሄድን።

እዚህ ላይ ባለቤቴን ማስተዋወቅ አለብኝ። ግርማ ዕድሜውን በሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሽመና አዳራሽ ገብታችሁ ካላወቃችሁ፣ የአንድ ሰፈር ሕዝብ በሙሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲዘል አስቡት፤ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ያለ ዕረፍት። ግርማ እዚያ ውስጥ ኖሮ ሲወጣ ዝምታ ይዞ ወጣ። መጀመሪያ «ሰው ሁሉ ማጉተምተም ጀመረ» ማለት አመጣ። ቀጥሎ የእድር ስብሰባ ቀረ። ከዚያ ሠርግ ቀረ። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ማምሸቱም ቀስ በቀስ ቀረና ግቢያችን ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ወንበሩን አስቀምጦ መዋል ጀመረ። «ጆሮህን ታየው» ስለው ይቆጣል። «ከባድ መኪና ሳቢያን ሰፈር ላይ ማርሽ ሲቀይር ከዚህ እሰማለሁ፤ ምኔ ነው የሚታየው? ይልቅ እናንተ አፋችሁን ከፍታችሁ አውሩ!» መኪናውን መስማቱ እውነት ነበር።

የሚያሳዝነው የልጃችን የፀደይ ነገር ነበር። ፀደይ የምትኖረው ሐዋሳ ነው። ስታገባ ሽማግሌ የመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ስለነበር አባቷ በጊዜው ቅር ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስልኩን ይቀበልና «ደህና ነሽ? ደህና። እንኪ አነጋግሪያት» ብሎ ለእኔ ያቀብለኛል። ወሬያቸውን ከወዲያ ወዲህ የማመላልሰው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ፀደይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ አባዬ እስካሁን ተቀይሞኛል እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ የለም፣ ወሬ ስለማይወድ ነው» አልኳት። አላመነችኝም። እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ፣ እኔም ራሴን አላመንኩም። ሰው ለስንት ዓመት ቂም ሊይዝ እንደሚችል ከትዳር ጓደኛ ፊት ላይ ማንበብ ይቸግራል።

እንግዲህ ወደ ውድድሩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ዳዊት ሦስቱን ማጫወቻዎች ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ የጨረታ ኮሚቴ ሰብሳቢ መሰለ። ፈተናው ፍትሐዊ እንዲሆን ለሦስቱም አንድ ዲስክ ብቻ ይሰጣቸዋል ተባለ። ዲስኩ ከዓመታት በፊት የገዛሁት፣ አንዲት ሴት በክራር ታጅባ በቀስታ የምታዜምበት፣ ቤታችን ውስጥ እንደሱ የተደጋገመ የሌለ ነው። ግርማ እንደ ልማዱ ውጭ ነው፤ በሩ ክፍት ነው።

የመጀመሪያው ጥቁር፣ ትልቅ፣ በየአቅጣጫው መብራት የሚያብለጨልጭ ነበር። ሲነሳ ቡፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ዳዊት ዓይኑን ጨፍኖ ደረቱን ዳበሰ። «እትዬ፣ ቤዙ ይሰማሻል?» አለኝ። ቤዙ ጎረቤትም ይሰማል። ዘፋኟ ግን ጉድጓድ ውስጥ ገብታ አውጡኝ የምትል ነበር የምትመስለው። ሁለተኛው ብርማ፣ ቀጠን ያለ፣ ድምፁ በቀስታ እንደሚገለጥ መጋረጃ ሆኖ ሳሎኑን ሞላው። ክራሩ ተለሰለሰ፤ ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጣ የምታዜም መሰለኝ። በልቤ ይሄ ነው አልኩ። ዳዊትም ቤዙ አነሰ ብሎ ጥቂት ቢያንገራግርም ሊሸነፍልኝ ነበር።

ሦስተኛውን የሞከርነው አብዲ ስለሰጠን ብቻ ነው። ትንሽ፣ ቀይ፣ ፕላስቲክ፣ እጀታ ያለው፣ ድምፅ ማጉያው ከራሱ ጋር የተሠራ ነገር። ዳዊት ገና ሳይከፍተው ሳቀ። ሲከፍተው እኔ ጥርሴን አፋጨሁ። ክራሩ የተወጠረ የአጥር ሽቦ ሆነ። ዘፋኟ አፍንጫዋን ተይዛ የምትጮህ መሰለች፤ «ስ» ባለች ቁጥር የጋለ መጥበሻ ላይ ውሃ ጠብ እንዳለ ነው የሚንጫጫው። ቤዝ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈ።

«ይሄማ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ቅናሽ፣ ቅናሽ የሚል ነው» አለ ዳዊት፤ ሊዘጋውም እጁን ዘረጋ።

«ተወው! እንዳትነካው!»

ሁለታችንም ዘወር አልን። ግርማ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደተነሳ አላየሁም። አንድ እጁን መቃኑ ላይ ደግፎ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ከሩቅ የተጠራ ሰው የራሱ ስም ይሁን የሌላ ሰው ለማጣራት እንደሚቆመው ነው የቆመው። ቀስ ብሎ ገባ። ወንበር ሳበና ቀዩ ማጫወቻ ፊት ተቀመጠ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ዘፋኟ አንድ ስንኝ ጨረሰች፤ ሁለተኛውን ጨረሰች። ግርማ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህ ዘፈን ግጥም አለው እንዴ?» አለኝ።

ዳዊት ሊስቅ ነበር፤ የግርማን ፊት ሲያይ ተወው።

«አለው እንጂ» አልኩት።

«እኔ እኮ እንዲሁ የምታንጎራጉር ነበር የሚመስለኝ። ሁልጊዜ። ቃል የሌላት ይመስለኝ ነበር።» ጣቱን አነሳ። «ስሚ፣ ስሚ! 'ስፍራ' አለች። 'ሸማ' አለች። ከኋላዋ ደግሞ የሆነ ነገር ሽ... ሽ... ይላል።»

እውነቱን ነው፤ ከኋላዋ አንድ ሰው ጥራጥሬ ያለበት ቅል እያወዛወዘ ያጅባታል። ዲስኩን የገዛሁት እኔ፣ ስንት ጊዜ የሰማሁት እኔ፣ ያንን ቅል ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ግርማ ግን አገኘው። «ድገመው» አለ። ዳዊት ደገመው። አሁንም «ድገመው» አለ። እያንዳንዷን ቃል ከሴትዮዋ አፍ እየተቀበለ በሹክሹክታ ይደግማል፤ ቀድሟት የደረሰ ጊዜ ጠረጴዛውን መታ ያደርጋል። ዓይኑ ውሃ ሞልቷል፣ ፊቱ ግን ይስቃል። ሰው ሲወለድ አይቻለሁ፤ ሰው ሲሞትም አይቻለሁ። ሰው መስማት ሲጀምር ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከሦስቱ መጥፎው ነው» አለ ዳዊት በለሆሳስ፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር።

ግርማ ይህን አልሰማም። ዘፈኑ ሲያልቅ ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየኝና እንዲህ አለ፤ «አንቺም እንደዚህ በቃል ነበር የምታወሪኝ? እያጉተመተምሽ አልነበረም?»

«እያጉተመተምኩ አልነበረም፣ ግርማ።»

እጄን ያዘ። ወንድሜ ፊት እጄን የመያዝ ልማድ የለውም፤ ዳዊትም ያልበራ ማጫወቻ ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

በማግስቱ ሁለቱን ማጫወቻዎች ለአብዲ መለስኩለት። ያስቀረነውን ስነግረው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ቀዩን? ወላሂ ቲቸር፣ እሱን የሰጠሁሽ ሌሎቹ እንዲያምሩ ብዬ ነው!» ነገሩን ሳጫውተው ግን ቀልዱን ተወ። አባቱም እንደዚሁ ዝም ብለው ነበር ያለፉት፤ ሰው ሁሉ ኩሩ ናቸው ይላቸው ነበር። ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ቀያዮቹን ማጫወቻዎች ቆሞ ተመለከታቸው።

ሐኪም ቤት እንሂድ ያለው ግርማ ራሱ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ማዳመጫ አድርጋለት በሰማ ቁጥር ቁልፍ አስጫነችውና በመጨረሻ የጆሮውን ነገር በመስመር የተሣለ ወረቀት ላይ አሳየችን። መስመሩ ሜዳ ለሜዳ ሲሄድ ይቆይና ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ግርማ አየውና «ደንገጎ ነዋ» አላት፤ ከሐረር ስትመጡ መንገዱ ወደ ድሬ የሚዘረገፍበትን ተራራ ማለቱ ነው። ሐኪሟ ሳቀችና አስረዳችን። ወፍራሙን ድምፅ፣ መኪናውን፣ ነጎድጓዱን፣ ከበሮውን እንደማንኛችንም ይሰማል። ማሽኖቹ የወሰዱበት ቀጭኑን ነው፤ «ሰ»ን፣ «ሸ»ን፣ «ፈ»ን፣ «ፀ»ን፤ የሴትና የሕፃን ድምፅን። ጥሩ የሚባለው ማጫወቻ ድሮም የሚሰማውን ወፍራሙን ይጨምርለታል፤ ያ ቀዩ ግን ሌላ ስለማይችል ቀጭኑን ብቻ ያስጮኸዋል። እኔ ያንን ስሰማ የደነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ላይ፣ ከአጠገቤ ያለው ሰው ፊደሎቹ የረገፉበት አማርኛ ሲሰማ ኖሯል። ቀሪውን ከፊቴ ላይ እያነበበ ይሞላ ነበር። ሲሰለቸው ኒሙ ሥር ሄዶ ይቀመጣል።

የጆሮ መሣሪያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነበር። እስከዚያው ግርማ ቀዩን ማጫወቻ ይዞ ሳሎን ውስጥ ነገሠ። ቤቴ ከጠዋት ጀምሮ የጋለ መጥበሻ ይንጫጫበታል። የለስላሳ ድምፅ ጠበቃ የነበርኩት እኔ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ ሽሮዬን አማስላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፀደይ ደወለች። ስልኩን አነሳሁና ለሰላምታ ያህል ልሰጠው ስል ግርማ አልተቀበለኝም።

«የስልኩም ድምፅ ማጉያ እንደ ቀዩ ነው፤ ይንጫጫል» አለኝ። «እሱ ላይ አድርጊና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ።»

አደረግሁ። የፀደይ ድምፅ እየተሰነጣጠቀ ሳሎኑ ውስጥ ወጣ።

«አባዬ? ፀደይ ነኝ።»

ግርማ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ፀ» አለ። «ፀደይ።»

«አባዬ፣ ምን ሆንክ? ታመሃል እንዴ?»

«አልታመምኩም። በይ አውሪኝ፤ እየሰማሁሽ ነው።»

ከወዲያ በኩል ትንፋሿ ይሰማል። ያንን አንድ ቀን ለእኔ ብቻ ያቀረበችውን ጥያቄ አሁን ለራሱ አቀረበችለት።

«አባዬ፣ ተቀይመኸኝ ነው የኖርከው?»

ግርማ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ፤ አገጩ ጠረጴዛውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«አልሰማሁሽም ነበር፣ ልጄ» አላት።

ሳሎኑ ውስጥ ለእኔ የሚሆን ሥራ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። የተንጠለጠለ መልእክት የለም፤ አስተርጓሚ የሚፈልግም የለም። ነጠላዬን አንሥቼ ወደ ግቢ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ብዙ አወሩ። በመሐል የግርማ ሳቅ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን በበሩ ሲያልፍ እየረገፈ አንዱም አይለይልኝም። ፀሐይዋ ግድግዳውን ለቃ እስክትወርድ ድረስ ተቀመጥኩ።

ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።