ከአራቱ አንዱ ዝም ሲል

ያረጀ የናፍጣ መኪና ሰውን ሃይማኖተኛ ያደርጋል። ጠዋት ሞተሩን ስታስነሡ ትሳላላችሁ፤ ዳገት ሲመጣ ትማፀናላችሁ፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑን እያሰባችሁ ንስሐ ትገባላችሁ። እኔ በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም የከብት ሐኪም ረዳት ሳለሁ የጸለይኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ ጸልዬ አላውቅም።

ሐኪምነቴ የላምና የበሬ ነበር። ሾፌራችን ሲዘምት ግን መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ስላልተገኘ፣ ቢሮው መኪናዋን ከነሕመሟ ለእኔ አስረከበኝ። በሬ ሲታመም ምላሱን ታያላችሁ፣ ጆሮውን ትዳብሳላችሁ። የመኪና ምላስ የት እንዳለ የሚያውቅ ይንገረኝ! የፈታሁትን ሁሉ መልሼ አስራለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ብሎን ትተርፈኛለች። የተረፉትን በጣሳ አጠራቅማቸው ነበር። ጣሳው እየሞላ መኪናዋ አሁንም መሄዷ እኔን ራሴን ይገርመኛል። የናፍጣ ማጣሪያዋ ሲበላሽ ደግሞ መለዋወጫ ከየት ይምጣ? ከጋቢዬ ጫፍ ቀደድኩና አጥፌ ከተትኩበት። ጋቢ ያልሆነልን ነገር ምን አለ ብዬ።

አንድ ቀን ወግዲ አካባቢ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ ተባለ። (ስሙን ያወጣለት ሰው በሬ አልነበረውም መሰለኝ።) ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ጭኜ ተነሣሁ። በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ከንቱ ነው፤ ሌላ እስኪመጣ ደግሞ በሽታው አይታገሥም። አጠገቤ የተሳፈሩት የወግዲው የዜማ መምህር መሪጌታ አስረስ ነበሩ። ያሏቸው ሁለት በሬዎች እዚያ ተሰብስበው ከሚጠብቁኝ ከብቶች መካከል ናቸው። መሪጌታ መንገዱን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ ሄዱ። የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር።

አንዱ ዳገት አጋማሽ ላይ መኪናዋ አቃሰተች፣ ጭስ ተፋች፣ ከዚህ ወዲያ አልወጣም አለች። ሞተሩ ይሠራል፤ ጉልበት ግን የለም። ሣጥኑን ገለጥ አድርጌ ባይ በረዶው ከግማሽ በታች ሆኗል። ኮፈኑን ከፍቼ ቁልፍ በእጄ እንደያዝኩ ተገተርኩ።

«ልጄ፣» አሉ መሪጌታ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፤ «መካነ ሰላም ስንነሣ አራት ነበሩ። አሁን የሚሉት ሦስት ናቸው።»

ክው አልኩ። ሞተሩ አራት ሲሊንደር እንዳለው እኔ እንኳ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው። እሳቸው ኮፈን ሲከፈት አይተው አያውቁም!

«የትኛው ነው ዝም ያለው መሪጌታ?»

«ስማቸውን አላውቅ፣ በምን ልንገርህ? ግን አብሽር። ማኅሌት ላይ ሳያጠና መጥቶ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ተማሪ አይጠፋም። እሱን የምይዘው ሁሉንም በየተራ ዝም እያሰኘሁ ነው። ዝም ሲል ዜማው ካልጎደለ፣ ቀድሞም አላለም።»

ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ወደየሲሊንደሩ ናፍጣ የሚወስዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች እያላላሁ ሲሊንደሮቹን በየተራ ዝም ማሰኘት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሳላላው ሞተሩ ተንገዳገደ። «ይኸ ይላል፣ እሰረው!» አሉ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሳላላው ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። መሪጌታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

«ያዝነው!»

ሞተሩን አጥፍቼ ቱቦውን ብፈታው አፉ ላይ የጥጥ ጉድፍ ተወትፎበታል። የማን ጥጥ እንደሆነ ልንገራችሁ? የጋቢዬ! ጠራርጌ መለስኩትና ሞተሩን አስነሣሁ። አራቱም በአንድ ላይ ሲያስገመግሙ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ስንት ዓመት አጠገቡ የኖርኩትን ሞተር ገና ያን ቀን ሰማሁት። እዚያው ዳገት ላይ ለሰው ጆሮ ልሰግድ ምንም አልቀረኝም።

ወግዲ ስንገባ ከበረዶው የቀረው እንቁላል የምታህል ቁራጭ ናት። ቢሆንም ስብሰባው ይቀድማል፤ በዚያ ዘመን ያለ ስብሰባ በሬም አይከተብም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ግራ እጃቸውን አንሥተው መፈክር አሰሙ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው። እኔም እጄን አንሥቼ፣ እንደ ልማዴ፣ ድምፅ ሳላወጣ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ስንት ስብሰባ በዚህ ዘዴ እንዳለፍኩ እኔና ፈጣሪዬ ብቻ የምናውቅ ይመስለኝ ነበር።

መሪጌታ አጠገቤ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ልጄ፣ እዚህ ደግሞ ሦስተኛው አንተ ነህ ለካ።»

ለዚህ ጥፋት ሰው ከቤቱ ተወስዶ የማይመለስበት ጊዜ ነበር። እጄን ሳላወርድ በፍርሃት ዘወር ብዬ አየኋቸው።

«አብሽር፣» አሉኝ፤ «ሊቀመንበሩ ጆሮ የላቸውም።»

ስብሰባው ከበረዶው ትንሽ ቀድሞ አለቀ፤ ክትባቱም ዳነ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መርፌዎች የተወጉት የማን በሬዎች እንደነበሩ ግን እንዳትጠይቁኝ።