በሼህ ይመር ማሽላ ውስጥ ያረፍኩ ዕለት

መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ወግ አለው። ከውርጌሳ ወደ መርሳ ስትሄዱ ሚኒባሱ ቀጥ ቢል ምን ይሆናል? ሾፌሩ ዳር ያስይዛል፤ ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። ማንጎ የምትሸጥ ሴት ከየት መጣች ሳትባል ከተፍ ትላለች። ስለ ሞተር ምንም የማያውቁ ወንዶች ኮፈኑን ከበው አንዱ «ባትሪው ነው» ሲል ሌላው «ኧረ ነዳጁ ነው» ይላል። ማንጎው ተበልቶ ሳያልቅ መኪናው ይነሳል። ሰማይ ላይ ግን እባካችሁ ወዴት ነው ዳር የሚያዘው? ድንጋዩስ ከምን ሥር ይሸጎጣል?

ለጨዋታ ብዬ አይደለም የምጠይቃችሁ፤ ደርሶብኝ ነው።

ፓይለት ነኝ፣ የመርሳ ልጅ። ሰፈር ውስጥ የምጠራው «ካፒቴን» ተብዬ ነው፤ እናቴም ይህን ማዕረግ ለማስተባበል አንድም ቀን ሞክራ አታውቅም። ሰው አውሮፕላን ሲባል የሚታየው ያ ባለብዙ መስኮቱ፣ ሻይ የሚዞርበት ነው። የኔዋ ያላት አንድ ወንበር ብቻ ነው። አብራሪው እኔ፣ አስተናጋጁ እኔ፣ ተሳፋሪውም እኔው። በሻንጣ ፋንታ የምትጭነው የአንበጣ መድኃኒት ነው።

አንበጣው ወረዳችን ሀብሩ ላይ በወረደበት ዓመት ማሽላው ገና እሸት ይዞ ነበር። ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ተደልድሎ ማረፊያ ሆነልኝ። ሰው አስተባብረው ድንጋዩን ያስለቀሙት ሼህ ይመር የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ናቸው። የእሳቸው ማሳ የሚጀምረው ልክ ማረፊያው የሚያበቃበት ላይ ነው። እስከዚያ ቀን አንበጣ አልወረደበትም፤ እኔም መድኃኒት አልረጨሁበትም። ሼሁ ግን ማሳቸው ዳር ቆመው ቆርቆሮ ሲደበድቡ ይውላሉ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ረጭቼ ጨርሼ ባዶዬን ተመለስኩ። ወደ ሜዳው ዝቅ አልኩና ሞተሩን ላበርድ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ ወደኋላ ሳብኩት። ያለ ምንም ማንገራገር እሺ ብሎ መጣልኝ። መቼም በጣም እሺ የሚል ነገር ያስፈራል። እንደፈራሁትም ዘንጉ መጣ፣ ሞተሩ ግን እንደጮኸ ቀረ። ከዘንጉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል! በዚያ ፍጥነት ማረፍ ማለት ነዳጅ መስጫው የተጣበቀ ባጃጅ ይዞ በገበያ ቀን መርሳ መሃል መግባት ማለት ነው። የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና አድርጌ በሼህ ይመር አናት ላይ አለፍኩ። እሳቸውም ሰላም ያልኳቸው መስሏቸው ቆርቆሯቸውን ደበደቡልኝ።

ሜዳው ላይ የሚጠብቀኝን መካኒኩን አለማየሁን በሬዲዮ ጠርቼ የሆነውን ነገርኩት።

«በደንብ ሳብከው?» አለኝ።

«ከዚህ በላይ ከሳብኩት ተነቅሎ እጄ ላይ ይቀራል» አልኩት።

«እንግዲያው ከፍታ ያዝና ነዳጁን ዘግተህ ሞተሩን አጥፋው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትወርዳለህ።»

መውረዴንማ እኔም አልተጠራጠርኩም፤ የጨነቀኝ አወራረዱ ነው። ሞተሩ አንዴ ከጠፋ «ቆይ እንደገና ልሞክር» ብሎ ነገር የለም። ይባስ ብሎ አንድ ነገር መበላሸቱን የሰማ የግራና ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ጎረፈ። አለማየሁ «የሚያርፍበት ላይ እኮ ነው የቆማችሁት!» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። ሰዉም የተነገረውን የሚሰማ ነውና ተነስቶ ማዶ ያለው የሜዳው ጫፍ ላይ ቆመ። እዚያም ማረፊያ መሆኑን ለማስረዳት ሌላ ጩኸት አስፈለገ።

ከፍ ስል የመርሳ ማንጎ አረንጓዴ ሆኖ ታየኝ። እናቴ እዚያ ሥር ናት። ነዳጁን ዘጋሁት።

ጸጥ አለ። አውሮፕላን ሞተሩ ሲጠፋ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ እንደ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜ አልፌበታለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ያስተማረኝን ሰው ማመን አቃተኝ። ዝቅ ስል የሰው ድምፅ ተሰማኝ። በአንድ በኩል «ያ አላህ!» ይላል፤ በሌላ በኩል «ድረሽ እመቤቴ!» ይላል። ሁለቱም ስለኔ ነው። የወሎ ልጅ መሆን እንዲህ ባለው ቀን ነው የሚጠቅመው።

ሜዳው ሳልደርስ እወርዳለሁ ብዬ ስለፈራሁ መንሳፈፉን አስረዘምኩት። ጎማዎቹ መሬት የነኩት ከሜዳው ግማሽ አልፈው ነው። ፍሬኑን ረገጥኩት፤ አቧራው ተነሳ፤ ሜዳው አለቀ፤ ማሽላው ሸሸሸሸ እያለ ተቀበለኝ። አውሮፕላኗ ቆመች። ዓይኔን ስገልጥ መስታወቱ ላይ የማሽላ ራስ ተደግፎ ያየኛል። አንበጣው ያልነካውን ማሽላ ከአንበጣ ላድን የመጣሁት እኔ ሄድኩበት!

ሼህ ይመር በከፈትኩት መንገድ ቆርቆሯቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ። ወረድኩና «ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ማሽላዎን...» ማለት ስጀምር ትከሻዬን ያዙኝ። ክንዴን ዳበሱ፤ ጭንቅላቴን አገላብጠው አዩ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! ማሽላውማ ይዘራል። አንተን ማን ይዘራሃል?»

አለማየሁ ደርሶ አቀፈኝና አለቀሰ፤ ከዚያ እኔን ለቆ አውሮፕላኗን መዳበስ ጀመረ። እልልታው ቀለጠ። ጎረምሳው አውሮፕላኗን እየገፋ በዘፈን አወጣት። የወደቀው እሸት ወድቆ አይቅር ተባለና እሳት ተቀጣጠለ፤ እየጠበስን በላን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ እሸት በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

በማግስቱ አለማየሁ ሽቦውን ቀየረ። ልነሳ ስል የአካባቢው ገበሬዎች ሊሸኙኝ መጡ። አንዱ «እግዜር ይከተልህ» ብሎ መረቀኝና ቀስ ብሎ በጣቱ እያሳየ «ያ ከግራሩ አጠገብ ያለው የኔ ማሳ ነው፤ ለማወቁ ያህል ነው» አለኝ። ሌላው «አላህ በሰላም ያግባህ፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው ሁሉ የኛ ነው» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ የግራና ማሳ ሁሉ ባለቤቱ ተነገረኝ።

በመጨረሻ ሼህ ይመር መጡ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፤ የእሳቸውን እንኳ ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። እሳቸው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ደግሞ ከተቸገርክ የሰው ማሳ አትፈልግ፤ ወደኔው ና። መንገዱን እንደሁ ከፍተኸዋል።»