ባጠብኩት ቁጥር የሚያበራው ግድግዳ

ሱፐርቫይዘሩ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አጠፋና ያቺን ወይን ጠጅ ብርሃን የምትረጭ የእጅ ባትሪውን አበራ። ግድግዳው እንደገና ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። በዚያች ባትሪ የሚያበራ ነገር ሁሉ በእሱ ቤት ቆሻሻ ነው። በነገው ፍተሻም ካበራ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ እንደማይታደስ ነግሮኝ ወጣ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ የበለጠ ፈተግኩ። ሉሰይል ከተማ ያለው ይሄ ሆቴላችን ለእኛ ለጽዳት ሠራተኞቹ የሚሰጠን ፈሳሽ አረፋ የለውም፤ አረፋ የሌለው ነገር ያጸዳል ብላችሁ ብትምሉልኝም አላምንም። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ለማያነብ ሰው ምስክሩ አረፋው ነው። ስለዚህ ሰናይያ፣ የፋብሪካው ሰፈር፣ ካለው የሠራተኞች ካምፓችን የራሴን የልብስ ሳሙና ዱቄት በፌስታል ቋጥሬ እመጣለሁ። ዓይን ላለው ሰው ግድግዳው ንጹሕ ነው። የዛሬ አለቃ ግን አጨልሞ ካልመረመረ ያየ አይመስለውም።

ልብስ እጥበት ክፍል ዘይነብ የምትባል የደሴ ልጅ አለች፤ አገር ቤት ኬሚስትሪ ተምራ እዚህ አንሶላ ታጥፋለች። ብሶቴን በአጭሩ ነገርኳት። ፌስታሉን አይታ ሳቀች። ነጭ ልብስ ይበልጥ ነጭ እንዲመስል ዱቄቱ ውስጥ የሚጨምሩት ነገር አለ አለችኝ፤ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ይጠጣል፣ ለቅጽበት ይቅበጠበጣል፣ ጥቂቱን በመቅበጥበጥ ይጨርስና የቀረውን ሰማያዊ አድርጎ ይተፋዋል።

«አባባ፣ የሚያበራው ቆሻሻው አይደለም። ሳሙናዎ ነው።»

ትንሽ ቀምሶ መቅበጥበጥ የሰው አመል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ በውሃ ብቻ ደጋግሜ አለቀለቅኩት። ባትሪዋ ስትበራ ግድግዳው ጭል እንኳ አላለም። ኢቃማዬ ተረፈ፤ እኔም ፌስታሌን ይዤ ልወጣ ተነሣሁ። ዘይነብ ግን ፎጣ ልታደርስ መጥታ ነበርና ሱፐርቫይዘሩ ሲገረም ብትሰማው፣ እንግሊዝኛውን ከዓረብኛው እያቀላቀለች የዱቄቱን ነገር ከሥሩ ታስረዳው ጀመር። የተማረችውን የሚሰማላት አግኝታ የእሷም ፊት በራ። ዝም በይ ብዬ ብጠቅሳት ማን አይቶኝ። ኸላስ፣ አበቃ፣ አንዴ ተቀጣጥላለች።

ሱፐርቫይዘሩ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ከዚያ ፌስታሌን አየ፣ ረጅሙን ኮሪደር አየ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ሐጂ፣ በዚህ ዱቄት ያጠብካቸውን ክፍሎች ሁሉ ታስታውሳቸዋለህ አይደል?»