ሰባት ቤት ወደ ፊት

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። ሕልም መሆኑን ገና ከጅምሩ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ኔትወርኩ ሙሉ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቼ ኮተቤ አቶ አጥናፉ ቤት ሄደው ልጃቸውን ረድኤትን እንዲጠይቁልኝ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ሥራዬ ድግስና ጉባኤ ማሰናዳት ነው። የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት፣ የሰው ዓመታዊ ስብሰባ ሳሳምር ኖሬ የራሴን ጉዳይ እንደ ነገሩ አላሳልፈውም ብዬ ሽምግልናውን ለሁለት ዓይነት ታዳሚ አሰናዳሁት። አጎቴ ጋሽ ዘርጋውና ሁለት ጓደኞቻቸው በአካል ይገኛሉ፤ እናቴና ደብረ ታቦር ያሉት ዘመዶቼ ደግሞ ኦንላይን ይከታተላሉ። ሊንኩን ስሞክር፣ ስልኩ የሚቆምበትን እግር ሳስተካክል፣ ጋሽ ዘርጋውን "ይቺን ቀይዋን፣ መዝጊያዋን፣ እንዳይነኳት" እያልኩ ሳስጠና አመሸሁ። በወጉ ልጁ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድምና የቀረኝ መተኛት ብቻ ነበር።

በሕልሜ የአቶ አጥናፉ የግቢ በር መንገድ ተሻግሮ መጣና እኔን አንኳኳኝ።

"ማነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ፣ ክፈት" አለ በሩ።

አፌን ስከፍት ግቢው ውስጥ ገብቼ ተገኘሁ። በሩ ላይ "ኃይለኛ ሰው አለ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የግቢው ውሻ አንገቱ ላይ የአስተባባሪ ባጅ አንጠልጥሎ ከአንዲት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ዘበኛው አጠገቡ በሰንሰለት ታስሮ፣ ጅራት ስለሌለው እጁን ወዘወዘልኝ።

"በአካል ነህ ኦንላይን?" አለኝ ውሻው ቀና ሳይል።

"በአካል።"

"በምን ይታወቃል?"

"ይኸው ቆሜያለሁ።"

"መቆምማ ፎቶም ይቆማል" አለና አሸተተኝ። "እሺ፣ ትሸታለህ። በአካል ነህ። ግባና ጥግህን ይዘህ ዝም በል። የዛሬው ዝግጅት በዋናነት የኦንላይኖቹ ነው።"

"የምትዳረው ለእኔ እኮ ነው!"

"ቢሆንስ?" አለኝ፤ ወደሚቀጥለው እንግዳ ዞረ። የሚቀጥለው እንግዳ ወንበር ነበር።

ሳሎን ስገባ የኪራይ ወንበሮቹ እንግዶቹ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ አሮጌ ፕላስቲክ ወንበር ጭኔ ላይ ወጣና "ይሄኛው ይወዛወዛል" ብሎ ለጓደኛው አማረረ። የክብር እንግዳው ከሁላችንም ቀድመው ከትናንት ወዲያ መጥተው፣ ወለሉን ጠርገው ጨርሰው፣ የገባውን ሁሉ "ቀድሜ በመድረሴ ይቅርታ" ይላሉ። ፕሮግራሙ በእሳቸው የመዝጊያ ንግግር ተከፈተ። "ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ነገር ግን የምለው የለኝም" ብለው ተቀመጡ። አንድ ሰው ደንግጦ አለቀሰ።

ዐይኔ ሽማግሌዎቹን ፈለገ። በእኛ ወግ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር "ተቀመጡ" ቢሉት እሺ አይልም፤ ቆሞ ነው የሚለምነው። ጋሽ ዘርጋው ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ምንጣፉ ላይ ተጋድመዋል። ሁለቱ ጓደኞቻቸውም ከጎናቸው ተሰልፈው ተኝተዋል። የረድኤት እናት እትዬ አስካለ ዙሪያቸውን እየተሽከረከሩ ይለምናሉ።

"በሞቴ ተነሡ!"

"አንነሣም!" አሉ ጋሽ ዘርጋው ዐይናቸውን ሳይገልጡ። "ልጃችሁን ሳትሰጡን አንነሣም። ትራስ ካመጣችሁማ ጭራሽ እንከርማለን።"

"ጋሼ" አልኳቸው ጎንበስ ብዬ፣ "ተነሥተው ቢነጋገሩ አይሻልም?"

"ዝም በል አንተ! እኔ ስንቱን ትዳር ተኝቼ አስማምቻለሁ።"

ረድኤት ሱፍ ለብሳ፣ ማይክ ይዛ ከጓዳ ወጣች። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የሁላችንም እጅ ወደ ላይ ተሰቅሏል። "ጥያቄ ያለው እጁን ያውርድ" አለች። የእኔ እጅ አልወርድ አለኝ፤ ስለዚህ ሳይፈቀድልኝ ተናገርኩ።

"ረዲ፣ አንቺ ራስሽ ምን ትያለሽ?"

"እኔ አወያይ ነኝ" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አወያይ የግል አስተያየት አይሰጥም።" ከዚያ ወደ ማይኩ ዞረች። "ሰዓት እናክብር። ቀጥሎ ሰባት ቤት ቆጠራ።"

ይሄን አውቀዋለሁ። ዝምድና እንዳይኖር የሁለቱም ወገን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ይቆጠራል። "ሱራፌል ደምሴ፣ ደምሴ ወርቅነህ፣ ወርቅነህ..." ማለት ጀመርኩ።

"ወዴት ነው የምትሄደው?" አሉ ጋሽ ዘርጋው።

"ወደ ኋላ ነዋ።"

"ወደ ኋላ ያሉት ሞተዋል። የሞተ ሰው ምን ቅሬታ አለው? ወደ ፊት ቁጠር።"

"ጋሼ፣ ወደ ፊት ያሉት ገና አልተወለዱም እኮ!"

"ታዲያ ኦንላይኑን ለማን ነው ያዘጋጀኸው?"

እትዬ አስካለ የአልጋ አንሶላ አምጥተው ግድግዳው ላይ ዘረጉ። አንሶላው በራ፤ ትናንሽ መስኮቶች ተከፈቱበት። በየመስኮቱ ልጆቼ፣ የልጅ ልጆቼ፣ የእነሱም ልጆች እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ ተኮልኩለዋል። ገና ስላልተወለዱ ስም የላቸውም፤ በስማቸው ቦታ የስልካቸው ዓይነት ተጽፏል።

"ድምፅ ይሰማል?" አለ አንዱ።

"ይሰማል!" አልን።

"እኛ ጋ ግን አይሰማም።"

"ታዲያ እንዴት መለስክ?"

"ሁልጊዜ እንዲህ ስለምትሉ ነው። ቀጥሉ።"

ይሄኔ አቶ አጥናፉ ሪሞት ይዘው ገቡ። እኔን አላዩኝም። ዐይናቸው አንሶላው ጥግ ላይ ባለችው፣ የታዳሚውን ብዛት በምታሳየው ቁጥር ላይ ነው። "ሕጉ ይታወቅ" አሉ። "እስከ መጨረሻው ድረስ የተኙት ተኝተው፣ ኦንላይን ያሉት ባሉበት ከቆዩ ልጄን እሰጣለሁ። እነዚህ ከተነሡ፣ ወይ ያኛው ባዶ ከቀረ ግን ልጅ የለኝም።"

"ሱራፌል የሚባለው የቱ ነው?" አለች ከአራተኛው ትውልድ አንዲት መነጽራም ሴትዮ። ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል። "እስቲ ካሜራውን ወደ አፍንጫው አስጠጉት።"

ውሻው ስልኩን አስጠጋው።

"ይቺ ናት እስከ እኔ ድረስ የምትመጣው?"

"አንቺ ጋ ስትደርስማ ትሰፋለች" አላት አንዱ ከላይኛው መስኮት።

"እንግዲያው ይቅርብኝ። ሌላ ቤት እወለዳለሁ" አለችና ወጣች። ልጆቿና የልጅ ልጆቿም እናታቸውን ተከትለው አንድ በአንድ ጠፉ።

"ጎደለ" አሉ አቶ አጥናፉ።

ሥራዬ ነው ብዬ ተነሣሁ፤ ወንበሩ ከጭኔ ላይ ወደቀ። ወደ አንሶላው ዞሬ "የተከበራችሁ ዘሮቼ፣ ክቡራትና ክቡራን" ብዬ ጀመርኩ። አፍንጫዬ በጎን ሲታይ መጥፎ እንዳልሆነ፣ ጥርሴም የራሴ እንደሆነ፣ ከሰው ጋር ተጣልቼ እንደማላውቅ አስረዳሁ። ገና ጭብጨባ ሲጀመር ከኋላዬ ጋሽ ዘርጋው በክርናቸው ሲደገፉ ሰማሁ።

"ጀርባህን ሰጠኸን? እኛ እዚህ የተኛነው ለማን ብለን ነው?"

ሮጥኩ። ጋቢያቸውን አለበስኳቸው፣ ትራስ አቀረብኩ፣ የአንዱን ጓደኛቸውን እግር አሸሁ። ከኋላዬ ደግሞ አንሶላው ጮኸ።

"ሄሎ? ሄሎ! እኛ ተረሳን እኮ! ለግድግዳ ነው የምናወራው?"

ሦስት መስኮት ተዘጋ። በመጨረሻ በጎኔ ቆምኩ፤ ግማሽ ፊቴ ለሽማግሌዎቹ፣ ግማሽ ፊቴ ለዘሮቼ። ሁለቱም ወገን "ይሄ ሰውዬ ግማሽ ነው" ብሎ አጉረመረመ።

ምሳ ደረሰ። በዚያ ቤት ሥርዓት በአካል የመጣ ያያል፣ ኦንላይን ያለ ይበላል። እትዬ አስካለ ክትፎውን በጎድጓዳ ሳህን አምጥተው ራውተሩ ላይ ገለበጡት። አንሶላው ላይ ያሉት ማኘክ ጀመሩ።

"ሚጥሚጣው በዛ" አለ ለመወለድ መቶ ዓመት የሚቀረው ሕፃን።

ራውተሩ አገሳ። ጋሽ ዘርጋው እንደተኙ ምራቃቸውን ዋጡ። "ጋሼ፣ ራበዎት?" ብላቸው "የራበው ሽማግሌ ይነሣል። እኔ አልራበኝም" አሉኝ፤ ሆዳቸው ግን ከረድኤት ማይክ በላይ ይሰማ ነበር።

ምሳ ካለቀ በኋላ፣ በየትኛውም ስብሰባ እንደሚሆነው፣ ከተሳታፊዎቹ ግማሾቹ ጠፉ። "ጎደለ፣ ጎደለ፣ ጎደለ" አሉ አቶ አጥናፉ። ረድኤት ማይኩን ይዛ ቁጥሯን ታያለች። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ ይሄ ከሕልሙ ሁሉ የባሰ አስፈራኝ።

በዚህ መሀል መብራት መጣ።

"ወይኔ መብራት መጣ!" ብሎ ሰፈሩ በሙሉ ጮኸ። ሰው ሁሉ በብርሃኑ ውስጥ እየተደናበረ ጨለማ መፈለግ ጀመረ። አንዲት ጎረቤት የጠፋ ሻማ ይዛ ሮጣ መጣች። አንሶላው በብርሃኑ ታጠበና የዘሮቼ ፊት እየገረጣ፣ እየገረጣ ሄደ። ኮቴን አውልቄ ከላያቸው ዘረጋሁ፤ ቆሜ ለዘሬ ጥላ ሆንኩ። ክንዴ ዛለ። ከኮቴ ሥር ስመለከት የቀረው አንድ መስኮት ብቻ ነው። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ትንሽ ልጅ ናት፤ ከሰባተኛው ትውልድ።

"ምንጅላቴ" አለችኝ።

"አቤት የኔ ቆንጆ! አልሄድሽም? ወደድሽኝ?"

"አይ፣ መውጫው የቱ እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው።"

"አትንኪ! ምንም ነገር እንዳትነኪ!"

"ይቺ ቀይዋ ናት?"

"እሷ የእሳት ናት! ታቃጥላለች!" አልኳት። ልጅ ዋሸሁ፤ የራሴን ዘር ዋሸሁ። ጣቷን ሰበሰበች።

አቶ አጥናፉ ወደ ምንጣፉ አዩ። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም እንደተጋደሙ ናቸው፤ አንዱማ ከልቡ ያንኮራፋል። ወደ አንሶላው አዩ። ወደ ውሻው ዞሩ።

"አንድ ሰው ታዳሚ ይባላል?"

ውሻው መመሪያውን አሸተተው። "ይባላል" አለ።

ወንበሮቹ እንኳ ቀና ብለው ተቀመጡ። አቶ አጥናፉ ሪሞቱን ኪሳቸው ከትተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ሁለቱም ወገን አለ" አሉ። "ልጄን..."

ስልኬ ጮኸ።

ነግቶ ፀሐይዋ አልጋዬ ላይ ወጥታለች። የደወሉት ጋሽ ዘርጋው ናቸው፤ ኋላቸው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

"ተነሥ አንተ ሙሽራ! አሁንም ተኝተሃል?"

ዘልዬ ወረድኩ። "ሰጡን?"

"ሰጡን እንጂ! ዘርጋው ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰበት ቤት አለ?"

"ኦንላይኑስ ጋሼ? ታየ? ተሰማ?"

"ጥርት ብሎ! እናትህ እልልታዋን ስታቀልጠው አቶ አጥናፉ ራሳቸው ዕንባቸው መጣ። ቤት ያለውም እዚያ ያለውም እኩል አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ሽምግልና በዕድሜዬ አላየሁም፤ እጅህ ይባረክ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። "ረድኤትስ? ምን አለች?"

"እሷማ ሻይ ስታቀርብልን ዐይኗ ቀልቶ ነበር። ለእህቷ ደስ ብሏት ነው መሰለኝ።"

"ለእህቷ?"

"ስማኝ ልጄ" አሉ ጋሽ ዘርጋው ቀስ ብለው። "አባትየው፣ 'ታላቋ ሰናይት ሳትዳር ታናሿን አልድርም። አሳፍሬም አልመልሳችሁ፤ ሰናይትን ሰጥቻለሁ' አሉ። ሰጥቻለሁ ሲሉ እናትህ እልል አለች። እልልታ ደግሞ አይመለስም። ያ ሁሉ ሰው እያየን፣ ሰጠናችሁ የተባለ ሽማግሌ 'ይቺን አይደለም' ይላል እንዴ? ጉልበት ስመን ተቀበልን።"

"ጋሼ!"

"ጨዋ ልጅ ናት አሉ። ሐዋሳ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ደግሞ ምን ልዩነት አለው፣ ያው አንድ ቤት ነው።"

ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ተንቀጠቀጠ። ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ገብቷል።

"ሱራፌል፣ ሰናይት ነኝ። እንኳን ደስ ያለህ። እኔም አሁን፣ ለሰው የሳል ሽሮፕ እየሸጥኩ፣ ኦንላይን ነው የሰማሁት።"