ክቡርነታቸው፣ ባለቆጣሪው

ሰዓት የሚያይ ሰው ሞልቷል፤ ሰዓት ካላሳየኋችሁ ብሎ የሚሞግት ግን በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የእኛው ከጎኔ ነው የሚቀመጡት። ድረ ገጽ ይሠራሉ፤ እኔ ጽሑፉን እጽፋለሁ፤ እሳቸው ገጹ ላይ "ይህን ያህል ጊዜ ቀረ" እያለ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ይጨምሩበታል። በዕድሜ እኩያዬ ናቸው፤ ነገረ ሥራቸው ግን አንቱ ያሰኛል። ማዕረጋቸውም ክቡርነታቸው ባለቆጣሪው ነው።

ቆጣሪ የማይገባበት ገጽ የለም። አንድ ጫማ ነጋዴ የሱቁን አድራሻ ብቻ የሚያሳይ ገጽ ቢያዝዝ፣ ለመከፈቻው ቀን ቆጣሪ ሠርተውለት ቁጭ አሉ። ሰውየው ሱቁ ከተከፈተ ዓመታት እንዳለፉት ሲነግራቸው ቅር አላላቸውም። "እንግዲያው ለመዝጊያው እናድርገው" አሉት።

የሙያቸውን ምሥጢር ከእሳቸው ያልሰማ ሰው ቢሮአችን ውስጥ የለም፤ የበሩ ጥበቃ እንኳ በቃሉ ይወጣዋል። "ቆጣሪ አይቆጥርም፣ ይጠይቃል!" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ጀማሪ ኮድ ጸሐፊ በየሰከንዱ አንድ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ገጹ ከሌላ ገጽ ኋላ ሲደበቅ ገጹን የሚከፍተው ብራውዘር ይሰንፍና ቆጠራው ይንቀራፈፋል። አዋቂ ግን በየሰከንዱ "አሁን ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ይጠይቅና ከቀጠሮው ላይ ይቀንሳል። ይህን ካሉ በኋላ ጭብጨባ የሚጠብቁ ይመስል ዙሪያቸውን ይቃኛሉ።

እኚህ ሰው ታዲያ ራሳቸው በሰዓቱ ደርሰው አያውቁም። አንዴ ሻይ ቤት ለቀጠሯት ልጅ የቀጠሮውን ቆጣሪ ሠርተው ላኩላት። ዜሮ ሲሞላ እሳቸው ገና ሸሚዝ ይተኩሳሉ። ይባስ ብሎ ዜሮ ላይ እንዲቆም ማዘዙን ረስተውት ኖሮ፣ ቆጣሪው ከዜሮ በታች መውረዱን ቀጠለ። ልጅቷ መዘግየታቸውን በሰከንድ በሰከንድ ስትከታተል ቆይታ ሻይዋን ጨርሳ ሄደች። "አንቺ፣ ቆጠራው ግን እኮ ልክ ነበር" አሉኝ በማግስቱ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍሩ።

አክስቴ ደግሞ የእሳቸው ተቃራኒ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ አርፍጄ እንዳልገኝ ብላ የግድግዳውንም የስልኳንም ሰዓት ግማሽ ሰዓት አስቀድማ ነው የምትሞላው። ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ሱቅ ስትሰፋ ኖራ ዘንድሮ የራሷን ከፈተች። በድረ ገጽም ልትሸጥ ሆነና ጽሑፉን እኔ ጻፍኩ፤ ቆጣሪውን ማን እንደሠራው አትጠይቁኝ። ዜሮ ሲሞላ "እዘዙ" የሚለው ቁልፍ ይከፈታል። አክስቴ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች። "ሰው ይወድ የነበረው የአሠሪዬን ስም ይሁን የእኔን እጅ፣ ያን ቀን አየዋለሁ" ትለኝ ነበር።

ቀኑ ደረሰና ደወለችልኝ። ተከፍቷል፣ ማንም የለም አለች፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። ሱቋ ከቢሮአችን ማዶ ስለሆነ በሩጫ ደረስኩ። ስልኳ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደግፏል፤ ቆጣሪው ዜሮ፣ ቁልፉ ክፍት፣ ትዕዛዝ ግን አንድም የለም። አክስቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች ጨርቆቿን ወደ ካርቶን መመለስ ጀምራለች። "ግድ የለም፣ እዚያው ሰው ቤት እሰፋለሁ" አለች።

ክቡርነታቸው የገቡት ይሄኔ ነው። ፀጉራቸውን አበጥረው፣ አበባ ይዘው፣ ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል። ደሜ ፈላ። ከቀን ሁሉ ዛሬ እንኳ ታረፍዳለህ ወይ ብዬ ጀመርኩና ያልወረደባቸው ውርጅብኝ የለም። አበባውን እንደያዙ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"እኔ እኮ ዛሬ ቀድሜ ነው የመጣሁት" አሉ።

ማን ያምናቸዋል? የግድግዳውን ሰዓት አሳየኋቸው። እሱን አዩ፣ የአክስቴን ስልክ አዩ፣ የራሳቸውን አወጡ። ከዚያ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠፈጠፉት።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቆጣሪዬ ሰዓቱን የጠየቀው የእርስዎን ስልክ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሄዷል። ሰዉ አልቀረም፣ ገና አልተከፈተለትም።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ አክስቴ ያፈሰሰችው ግን እንባዋን ነበር። ሰዓቷን ትመልሰው እንደሆነ ብትጠይቃቸው አይንኩት አሏት። እዚያው ክርና መርፌ መሃል ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ ቆጣሪው የሰውን ስልክ ትቶ ገጹ ያለበትን፣ ሰዓቱ የማይዛነፍ አንድ ሰርቨር ብቻ እንዲጠይቅ አደረጉት። የአክስቴም ቁልፍ ተመልሶ ተዘጋ። ሦስታችንም ስልኳ ላይ ተደፍተን ጠበቅን።

ዜሮ ሲሞላ ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ደገመ፤ ከዚያ በኋላ አላቋርጥ አለ። አክስቴ እየሳቀች አቅፋ አገላብጣ ሳመችን፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

የመጀመሪያው ትዕዛዝ የማን እንደነበር ያየሁት ግርግሩ ሲበርድ ነው። ዕቃው ሰፊ የሴት ቀሚስ፣ ገዢው ክቡርነታቸው። እህት የላቸው፣ ፍቅረኛ የላቸው። ከጠረጴዛው ሥር በራሳቸው ስልክ ነው ያዘዙት። ምን ሊያደርግልህ ነው ብላቸው አንገታቸውን ደፉ። "ገጹ ላይ ከላይ ያለው እሱ ነበር። እትዬ እንደገና እንዳይጠብቁ ብዬ ነው" አሉ።

አንቱታው ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣልኝ ብሏል። ቀሚሱን ወስዶ መስኮቱ ላይ መጋረጃ አደረገው። አክስቴ ይህን ስትሰማ ነውር ነው ብላ አስወረደችውና፣ ማንንም ሳታማክር በእኔ ልክ አጠበበችው።

ይህን የምጽፈው ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው፤ ቀሚሱን ለብሼዋለሁ። የላከልኝ ቆጣሪ ከዜሮ በታች መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል። ሻዬን ጨርሼ ሌላ አዝዣለሁ።