ፀሐይ የሞቀው አኮርዲዮን

የሰው ዕቃ የሚያበላሸው ግዴለሽ ሰው ነው ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ግዴለሽ ሰው የተዋሰውን ዕቃ ጥግ ላይ ጥሎ ይረሳዋል፤ ዕቃውም አቧራውን ለብሶ በሰላም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ዕቃ የሚገድለው ተጠንቃቂ ሰው ነው! እመኑኝ... ይህን የምላችሁ የጋሽ ብርሃኔን አኮርዲዮን በገዛ እጄ ተጠንቅቄለት ስላየሁት ነው።

ጋሽ ብርሃኔ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አኮርዲዮኑን በወጣትነታቸው ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ ግሪክ ነጋዴ ገዝተው በገዛ ሰርጋቸው ላይ ተጫውተውበታል። ታሪኩን በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለምሰማው አልሳሳትም። ዛሬ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ይዟቸው አልታዘዝ ብለዋል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን አስተማሩኝ። «ከተማሪዎቼ ሁሉ አንተ ትሻላለህ» ይሉኛል። ሌላ ተማሪ የላቸውም።

ባለፈው ጥር የመጨረሻ ልጃቸው ሙሉነሽ ልታገባ ሆነ። ሰርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ብርሃኔ አኮርዲዮኑን በጋቢ ጠቅልለው ቤቴ ድረስ አመጡት።

«ስማ ልጄ» አሉኝ። «እናቷን ከቤተሰቦቿ ቤት ያወጣኋት በዚህ ዜማ ነው። እናቷ ዛሬ የለችም። ልጄም በዚሁ ዜማ ትውጣልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ይህን የሰማ ሰው ምን ማድረግ ነበረበት? ቁጭ ብሎ ዜማውን መለማመድ! እኔ ግን ጋዜጠኛ ነኝ፤ መጀመሪያ መመርመር አለብኝ። አኮርዲዮኑን አገላብጬ አየሁት። ማንገቻው ተልጧል፤ ማልበሻ የለውም። ማስታወሻዬን አውጥቼ የጎደለውን ሁሉ መዘገብኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ለማንገቻው አቃቂ በሰቃ ሠፈር ኮርቻ የሚሠራው አብሮ አደጌ ገመዳ ዘንድ ሄድኩ።

«የሚሸከመው ማነው?» አለኝ።

«እኔ ነኛ!»

«እስቲ ዙር።» ዞርኩ። ትከሻዬን በስንዝር ለካ፤ ጎኔን መታ መታ አደረገው። «ጀርባህ ደህና ነው። ዳገት ስትወጣ ጭነቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል?»

«ገመዳ፣ ቆሜ እኮ ነው የምጫወተው። ዳገት አልወጣም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። የደረት ጠፍር ልጨምርልህ።»

በሦስተኛው ቀን ማንገቻው ደረሰ። ጥሩ ሥራ ነው፤ አልዋሽም። ሰፊ ነው፤ የናስ ዘለበት አለው፤ ቀይ የሱፍ ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል። ከዘርፉ ሥር ደግሞ ትንሽ ቃጭል...

«ቃጭሉ ለምንድን ነው?»

«ከጠፋህ እንድትገኝ።»

ቃጭሉን ፈትቼ መለስኩለትና ለማልበሻው ወደ ልብስ ሰፊው በዛብህ አለፍኩ። በዛብህ ጥቁር ሱፍ መረጠ፤ ለሰርግ የሚሄድ በካኪ አይታይም አለ። ከዚያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አኮርዲዮኑን በጥርጣሬ ተመለከተው።

«ታጥፎ ነው የሚለብሰው ተዘርግቶ?»

«ታጥፎ።»

«ድንገት ቢተነፍስስ? ስፌቴ ይተረተራል። ሰፋ ላድርገውና ሐሙስ ለልኬት ይዘኸው ና።»

ሐሙስ ለልኬት ይዤው ሄድኩ። ትስቃላችሁ... ሳቁ። ልብሱ ሲያልቅ ሁለት ኪስ ነበረው። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

አሁን የቀረው አያያዙ ነው። እኔ አንድን ወሬ ከሁለት ሰው ሳላረጋግጥ ለአዘጋጄ የማልሰጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቅኋቸው። ገመዳ «ቆዳ ያለበት የሙዚቃ ዕቃ ከሰርግ በፊት ፀሐይ ካልሞቀ ድምፁ አይወጣም» አለኝ። በዛብህም ከሌላኛው ሠፈር ሆኖ «ፀሐይ ነዋ! ፀሐይ ያልሞቀ ዕቃ ይታፈናል» አለኝ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ሠፈር፣ አንድ ቃል! ዜና ቢሆን ኖሮ የፊት ገጽ ነበር።

ባለቤቱን ጋሽ ብርሃኔን ለምን አልጠየቅህም? ትሉኛላችሁ። ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ገባኝ ጋሼ፣ ገባኝ» ሲል የኖረ ተማሪ በመጨረሻው ሳምንት ሄዶ «ለመሆኑ ይህ ነገር እንዴት ነው የሚያዘው?» ይላል? ተዉኝ እስቲ!

የሰርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ነው። የጠዋቱ ባቡር ሲያፏጭ አኮርዲዮኑን ጥቁር ሱፉን አልብሼ የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አወጣሁት። መሬት ላይ እንዳላደርገው ዶሮዎች አሉ። ሥርዓት ስለምወድ እኩለ ቀን ላይ መሰላል ወጥቼ ገለበጥኩት፤ ሁለቱም ጎኑ እኩል ይሙቅ ብዬ። ባለቤቴ ጽጌ ከታች ሆና ታየኛለች።

«በርበሬ ነው የምታሰጣው?» አለችኝ።

የሱፉን ጫፍ አስተካክዬ ወረድኩ። ሙያ በልብ ነው!

የከሰዓት በኋላው ባቡር ሲመጣ አወረድኩት። ልብሱን አወለቅሁለት፤ የገመዳን ማንገቻ ታጠቅሁ፤ ወናፉን በኩራት ሳብኩ።

«ኡፍፍፍ...»

ገፋሁት። «ኡፍፍፍ...» ስነቀንቀው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ባቄላ የያዘ ጣሳ ይመስል ተንኳኳ።

«ምን ሆነ?» አለች ጽጌ።

«ተነፈሰ።»

«መተንፈሱንማ እኔም እተነፍሳለሁ። ዘፈኑ የታለ?»

አኮርዲዮኑን እንደ ሕፃን አቅፌ ገመዳ ዘንድ በረርኩ። «ይህን የፀሐይ ነገር ማን ነገረህ?» አልኩት። «እትዬ አስካለ ናቸዋ!» አለ። በዛብህ ዘንድ ሮጥኩ። «እትዬ አስካለ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለ። እትዬ አስካለ በአቃቂ ሰርግ ሁሉ ከበሮ የሚመቱ ሴት ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ለነገው ሰርግ ከበሯቸውን ፀሐይ ሲያሞቁ አገኘኋቸው።

«እኔ?» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «እኔ የተናገርኩት ስለ ከበሮዬ ነው፤ ቆዳው እንዲወጠር! ያንተን ሣጥን መች አውቄው የኔ ልጅ?»

ሁለት ምስክር ብዬ የቆጠርኳቸው ለካ አንዲት ሴት ናቸው፤ እሳቸውም የተናገሩት ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች አሉ! እንዲህ ያለውን ስሕተት አንድ ጀማሪ ጋዜጠኛ ቢሠራው ኖሮ ምን እንደምለው አውቃለሁ። እዚህ ላይ አይጻፍም።

ጋሽ ብርሃኔ ፊት የቆምኩት መግለጫ አዘጋጅቼ ነበር። «ጋሼ፣ በአየሩ ሁኔታ ምክንያት...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«ፀሐይ ላይ አወጣኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከስንት ሰዓት እስከ ስንት?»

«ከጠዋቱ ባቡር እስከ ከሰዓቱ።»

አቀረቀሩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አስለቀስኳቸው ብዬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ቀና ሲሉ ግን የሚስቁት ሳቅ ነው!

«እኔስ ከምሳ በፊት ነበር ያወረድኩት» አሉ።

«እርስዎ?!»

«በሰርጌ ዋዜማ። ከበሮውን ሲያሞቁ አየሁና ይህም ወንድሙ ነው፣ ይሙቅ ብዬ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ውስጡ ድምፅ የሚሰጡት የብረት ምላሶች በሰም ነው የተያዙት፤ ሰሙ ሲቀልጥ ሁሉም ይረግፋሉ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩኝ ይህን እንዴት አይነግሩኝም?»

«መምህር ጉዱን ሁሉ ለተማሪ አያወራም። ይልቅ ሚስትህ ጧፍ አላት?»

ጽጌ ጧፏን ይዛ መጣች። «ለቤተ ክርስቲያን ያልኩት ነበር፤ ይሁን፣ ይህም ነፍስ ማዳን ነው» አለች። አኮርዲዮኑን በካቻቢቴ ፈታሁት። ጋሽ ብርሃኔ የረገፉትን ምላሶች አንድ በአንድ ከንፈራቸው ላይ አድርገው እፍ ይላሉ፤ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ «ይቺ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከላይ አራተኛ» ይላሉ። እኔ ጧፉን አቅልጬ እለጥፋለሁ። ጆሮው የሳቸው፣ ጣቱ የኔ። ሳይመሽ ጨረስን። መዳፌ ላይ ግን ሁለት ምላሶች ቀሩ።

«እነዚህስ ጋሼ?»

«ተጣመዋል። ያለነሱ ነው የምትጫወተው።»

«ዜማው ውስጥ ግን አሉበት።»

«የት የት እንዳሉ አውቃለሁ። እዚያ ስትደርስ ዝም በል፤ እኔ እሰማቸዋለሁ።»

እሑድ ሙሉነሽ በአባቷ ክንድ ተይዛ ከበሩ ብቅ ስትል ወናፉን ሳብኩ። ዘፈነ! እርግጥ ነው ማንገቻው በሳብኩ ቁጥር እንደ ኮርቻ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ከወናፉም የጧፍ ሽታ ስለሚወጣ የሙሽራው አክስት ሁለት ጊዜ አማትበዋል። ከጎደሉት ድምፆች የመጀመሪያው ዘንድ ስደርስ ዝም አልኩ። እትዬ አስካለ ነገሩ ገብቷቸው በዚያች ክፍተት ከበሯቸውን አንድ ጊዜ «ድም!» አደረጉልኝ። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ። ጋሽ ብርሃኔን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የማይታዘዙት ጣቶቻቸው የልጃቸው ክንድ ላይ ዜማውን ይከተላሉ፤ ዝም ያልኩባቸው ቦታዎች ላይ ጠበቅ ያደርጋሉ።

ግብዣው መሐል የሙሽራው አጎት፣ ሙዚቃ አዋቂ ነኝ የሚሉ የናዝሬት ሰው፣ ወደ ጋሽ ብርሃኔ ጠጋ አሉ።

«ይህ ቆም እያለ የሚሄደው ስልት ግሩም ነው! የየት አገር ነው?»

«የአቃቂ ነው» አሉ ጋሽ ብርሃኔ ሳይደነግጡ። «ሌላ ቦታ ቢፈልጉት አያገኙትም።»

«ለመማር ይከብዳል?»

«ይህ ልጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው የገባው።»

ላስተባብል ብዬ አፌን ከፈትኩ። ቃል በቃል መዘንኩት፤ ሐሰት የሆነ አንድም ቃል አጣሁበት።